ያውቁ ኖሯል? ዜማ የት ያርፋል?

ደብረ ማርቆስ ባደርሁ ቁጥር የሚቀሰቅሰኝ ስልኬ አይደለም፤ ከማርቆስ ቤተ ክርስቲያን የሚወርደው የማኅሌት ድምፅ ነው። ብርዱ ከብርድ ልብስ ስለማያስወጣ ተኝቼ አዳምጣለሁ። ቃሉ አይለይልኝም፤ ግእዙ በንፋሱና በውሻው ጩኸት መካከል ይቆራረጣል። ዜማው ግን ይደርሳል። ይወጣል፣ ይንከባለላል፣ አሁንስ አለቀ ስል ደግሞ ይነሣል። የዛሬው ዓምድ ጥያቄ የመጣው ከዚያ አልጋ ላይ ነው፤ ዜማ በምን ይሠራል? ተሠርቶስ እንዴት ያድጋል? ከጎጃም ደጋ እንጀምርና ሩቅ መሄድ ባስፈለገን ጊዜ እንሄዳለን።

ያውቁ ኖሯል? ዋሽንት አብዛኛውን ጊዜ ያለው አራት ቀዳዳ ብቻ ነው። አራቱንም በጣት ደፍነው ሲነፉ አንድ ድምፅ ይወጣል፤ ከታች ጀምረው አንድ በአንድ ሲከፍቱ አራት ይጨመራሉ። ጠቅላላ አምስት። የሀገራችን ደጋ ዜማ የሚሠራውም በአምስት ድምፅ ነው። ስድስተኛውን የፈለገ እረኛ ሌላ ቀዳዳ አይበሳም፤ ትንፋሹን ያጠብቅና ያው አምስቱ ከፍ ብለው እንደገና ይመጡለታል። ከጮቄ ግርጌ አንድ ዋሽንት ሠሪ ሲሠራ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ሜትር የለውም፣ ማስመሪያ የለውም። ሸምበቆውን ጭኑ ላይ አጋድሞ በጣቶቹ ውፍረት ለካ፣ በጥፍሩ ምልክት አደረገ፣ ከፍም ላይ የቀላውን ብረት አንሥቶ «ጭስስ» አደረገው። የተቃጠለ ሸምበቆ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ቀረ። ነፋው፤ ፊቱን አኮሳተረ፤ ሦስተኛውን ቀዳዳ በቢላዋ ጫፍ ትንሽ አሰፋው። እንደገና ነፋ። «አሁን አፉን ፈታ» አለኝ።

የፒያኖ ጥቁር ቁልፎችስ? እነሱም አምስት ናቸው፤ ሁለት አንድ ላይ፣ ሦስት አንድ ላይ ሆነው ይደጋገማሉ። ሙዚቃ ተምረው የማያውቁ ከሆነ ነጮቹን ይተዉና በጥቁሮቹ ብቻ ይጫወቱ፤ ማረፊያዎን ከሦስቱ የመጀመሪያው ላይ ያድርጉ። የሰሙት ትዝታ የሚባለው ቅኝት ነው፤ ሙዚቀኞች ትዝታ ሜጀር የሚሉት፣ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ። አሁን ደግሞ እነዚያኑ አምስት ቁልፎች ሳይቀይሩ ማረፊያዎን ከሁለቱ ሁለተኛው ላይ ያድርጉ። ትዝታው ጠፋ፤ ባቲ ማይነር መጣ። ምንም ድምፅ አልተጨመረም፣ ምንም አልተቀነሰም። የተለወጠው ዜማው ደክሞት የሚቀመጥበት ቦታ ብቻ ነው።

ይህ የአጋጣሚ ጨዋታ አይደለም። ትዝታ ማይነርና አምባሰልም እንዲሁ ናቸው። ከትዝታ ሜጀር ላይ ሚንና ላን ግማሽ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያድርጉ፤ ትዝታ ማይነር ይሆናል። የዚያኑ ድምፆች ማረፊያ ወደ ሶል ያዛውሩት፤ አምባሰል ሆኖ ያገኙታል። ብዙ ሰው «ይህ ዘፈን ትዝታ ነው ወይስ አምባሰል?» ብሎ ሲከራከር የሚሰማው ለዚህ ነው። ክርክሩን መፍታት ቀላል ነው፤ ዘፈኑ እስኪያልቅ ይታገሡና የመጨረሻዋን ድምፅ ይስሙ። (እኔ ግን በአንድ ሠርግ ላይ ይህን ዘዴ ልጠቀም ብዬ፣ ዘፈኑ ሳያልቅ ሌላ ዘፈን ስለተተካበት፣ ክርክሩን ተሸንፌ ወጥቻለሁ።)

አራተኛው ቅኝት አንቺ ሆዬ ለብቻው የቆመ ነው። በሌሎቹ ሦስቱ ውስጥ ለጆሮ ምሰሶ ሆኖ የሚቆመው ሶል እዚህ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ይላል። ምሰሶው ጋደል ስላለ ዜማው ሁሉ የተንጠለጠለ ይመስላል። ለውጭ ሰው መጀመሪያ ሲሰማው «መሣሪያው ተፈትቷል» የሚያሰኘው እሱ ነው፤ ለእኛ ሰው ግን ልብ የሚያባባውም እሱ ነው።

ያውቁ ኖሯል? ከአራቱ የቅኝት ስሞች ሁለቱ የቦታ ስሞች ናቸው፤ ባቲና አምባሰል፣ ሁለቱም ወሎ። ጎጃም አንድም በስሙ የተጠራ ቅኝት የለውም። የጎጃም ሰው በዚህ ሲከፋ አላየሁም። ቅኔው አለው፤ እሱን ኋላ እንመጣበታለን።

አሁን ትንሽ ሩቅ እንሂድ፤ «አሜዚንግ ግሬስ» የሚባለውን የእንግሊዝኛ መዝሙር ብዙ አንባቢ ያውቀዋል። ዜማው በአምስት ድምፅ ብቻ የተሠራ ነው፤ አምስቱም የትዝታ ሜጀር አምስቱ ናቸው። በትዝታ ሜጀር በተቃኘ ክራር ቢጫወቱት አንድም ክር ማላላት አያስፈልግዎትም። ሌላም አለው፤ ግጥሙ የተጻፈው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሲሆን ዛሬ ከምናውቀው ዜማ ጋር የተጋባው ግን እ.ኤ.አ. በ1835 ነው። ግጥምና ዜማ ለየብቻ ተወልደው ኋላ መጋባታቸው በእኛ ዘንድ የዘወትር ነገር ስለሆነ አይግረምዎት። አንድ የሠርግ ዜማ ስንት ግጥም ያገባ ይመስልዎታል?

ግጥሙና ዜማው የሚጋቡት በልክ ነው። የወል ቤት የሚባለው፣ ከአማርኛ ስንኝ ልኮች ሁሉ የተለመደው፣ በአንድ መስመር ዐሥራ ሁለት ቀለም ይይዛል፤ ስድስት፣ ትንሽ ትንፋሽ፣ ስድስት። እኔ ለዚህ ጽሑፍ ስል በጣቴ የቆጠርኋትን ይመልከቱ፤ ግጥም ናት ብዬ አልከራከርም፦

ጮቄ ላይ የወጣ፣ ጉም መልሶ ወርዶ፣
ዓባይን ጋረደው፣ እንደ ጋቢ ከብዶ።

ይህችን በማናቸውም የወል ቤት ዜማ ላይ ቢጭኗት ትሄዳለች። ከስድስተኛው ቀለም በኋላ ዜማው እንደ መጠየቅ ተንጠልጥሎ ይቆማል፤ ዐሥራ ሁለተኛው ላይ መልሱን ይዞ ይወርዳል። ቤት የሚመታው «ዶ» የሚወድቀውም ዜማው ከሚያርፍበት ድምፅ ላይ ነው። ሰንጎ መገን ግን አምስት በአምስት ነው፤ አጠር ስለሚል ለፈጣን ዜማ ይመቻል። የወል ቤት ግጥም በሰንጎ መገን ዜማ ለመዝፈን የሞከረ ሰው አንድ ቀለም በየመንፈቁ ይተርፈውና ምላሱ ይተሳሰራል።

የቡሄ ልጆችን ያስታውሱ። «ሆያ ሆዬ» ከአንድ መንደር ወደ ሌላ መንደር እየተዞረ ሲጨፈር የሚያመሽ ዜማ ነው፤ ግን ዜማው ራሱ ስንት ነው? አውጪው አንድ አጭር ሐረግ ያወጣል፣ ተቀባዮቹ «ሆ» ብለው ይመታሉ። በቃ። ቁራጩ ትንሽ ስለሆነች ሕፃን አይስታትም፤ አውጪው ግን በእያንዳንዱ ዙር ቃሉን ይለውጣል፣ የቤቱን ባለቤት ስም ይከታል፣ ሙልሙሉ ከዘገየ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ዜማ ሳይረዝም የሚያድግበት አንዱ መንገድ ይህ ነው፤ ተቀባዩ ባለበት ይረግጣል፣ አውጪው ይንከራተታል።

ቀረርቶ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ምት የለውም፤ እግር አያስመታም፣ እጅ አያስጨበጭብም። አቅራሪው ከከፍታው ይነሣና አንዷን ቀለም ትንፋሹ እስኪያልቅ እያንቀጠቀጠ ይወስዳታል፤ ከዚያ እየተሰባበረ ይወርዳል። የሚለካው በትንፋሽ እንጂ በምት ስላልሆነ ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ቀረርቶ ማውጣት አይችልም። ሳክስፎኒስቱ ጌታቸው መኩሪያ የገባው ይህ ነው። የቀረርቶ ዘመድ የሆነውን ሽለላ ከተዋጊው ጉሮሮ አውጥቶ ሳክስፎን ውስጥ ሲከተው፣ ባንዱ ከኋላ ምቱን ይዞ ይሄዳል፣ የእሱ ዜማ ግን ለምቱ አይገዛም፤ ከላዩ ላይ ይፎክራል። የውጭ ሰሚዎች ከአሜሪካ የፍሪ ጃዝ ተጫዋቾች ጋር አመሳሰሉት። እሱ ግን ያመጣው ከሀገሩ ዘማች ነበር።

አንዳንድ አጫጭሮች፦

ክራር ሲገረፍ ዜማው የሚወጣው ከተመታው ክር ሳይሆን ካልታፈነው ነው። ቀኝ እጅ ክሮቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይገርፋቸዋል፤ ግራ እጅ ከኋላ የማይፈለጉትን ያፍናል። የምንሰማው ጣት የተነሣለትን ክር ነው።

በገና ዐሥር አውታር አለው፤ ነገር ግን ብዙ ደርዳሪዎች ዐሥሩንም አይነኩም። ከመካከላቸው አራቱ የጣት ማረፊያ ናቸው። ያ «ዝዝዝ» የሚለው ድምፅም ከክሩ አይደለም፤ በክሩና በብርኩማው መካከል ከምትገባው እንዝራ ከምትባል ትንሽ ቆዳ ነው።

ማሲንቆ አንድ ክር ብቻ ያለው ሲሆን ክሩ የፈረስ ጭራ ነው። አዝማሪው ሲዘፍን ማሲንቆው ያንኑ ዜማ አብሮት ይላል፤ ግን ልክ እንደ እሱ አይልም። ድምፁ ቀጥ ሲል ማሲንቆው ይሽከረከራል፤ ድምፁ ሲሽከረከር ማሲንቆው ቀጥ ይላል። አንድ ዜማ በሁለት አካሄድ። ጠጅ ቤት ውስጥ ከአድማጭ መካከል አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ሲወረውርለት አዝማሪው የሚያስብበትን ጊዜ የሚያገኘውም ከዚሁ ነው፤ እሱ ቃሉን ሲያላምጥ ማሲንቆው ዜማውን ይዞ ይቆይለታል።

እንግዲህ ወደ ቤተ ክህነቱ እንግባ፤ የዜማ አሠራር ነገር በሀገራችን ተጠንቶና ደንብ ወጥቶለት የተቀመጠው እዚያ ነውና።

ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው ክፍለ ዘመን በአክሱም፣ በዐፄ ገብረ መስቀል ዘመን የነበረ ነው። ትምህርት እምቢ ብሎት ሲሸሽ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ፣ ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ዛፉን የወጣችውን ትል አይቶ እንደ ተመለሰ ትውፊቱ ይነግረናል። ታሪኩን ሁሉም ሰው የሚነግረው የጽናት ምሳሌ አድርጎ ነው። ዜማ የሚማር ልጅ ግን ሌላም ነገር ያይበታል፤ ትሏ በእያንዳንዱ ጊዜ የጀመረችው ከዚያው ከሥሩ ነው። የዜማው መጽሐፍ ድጓም የሚጠናው እንደዚያ ነው፤ ስሕተቱ ላይ አይቀጠልም፣ ከራሱ ይጀመራል።

ሦስቱ የያሬድ ዜማዎች ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ናቸው፤ ሊቃውንቱ በአብ፣ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ ይመስሏቸዋል። ያውቁ ኖሯል? ኬይ ሸለመይና ፒተር ጄፍሪ እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 1997 በሦስት ቅጽ ያሳተሙት ጥናት እንዳሳየው፣ ዕዝልና አራራይ የሚጠቀሙባቸው ድምፆች አንድ ዓይነት ናቸው። የሚለያዩት አራራይ ከፍ ብሎ ስለሚሄድና አጊያጌጡም ሌላ ስለሆነ ነው። ግዕዝ ግን የራሱ ድምፆች አሉት። የጥቁሮቹን ቁልፎች ነገር ያስታውሱ፤ በድምፆቹ አንድ የሆኑ ሁለት ዜማዎች በአካሄዳቸው እንደማይተዋወቁ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ።

አሁን ወደ ምልክቶቹ። ድጓን የገለጠ ሰው ከግእዙ ጽሑፍ በላይ በጥቃቅን የተጻፉ ፊደላትን ያያል። እነዚህ ምልክቶች በሥርዓት የተደራጁት በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በሚባሉ ሊቃውንት ነው። ምልክቶቹ በሥራቸው የተጠሩ ይመስላሉ፦ ይዘት፣ ደረት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ድፋት፣ ቁርጥ፣ ርክርክ፣ ሒደት፤ ከነዚህ ስምንት ጋር ድርስና አንብር ተጨምረው ዐሥር ይሆናሉ። ይዘት ይይዛል፣ ቁርጥ ይቆርጣል፣ ርክርክ እየተንጠባጠበ ይወርዳል። ስምንቱን ሊቃውንቱ ከክርስቶስ ሕማማት ጋር ያገናኟቸዋል፤ ርክርክ የደሙ ነጠብጣብ፣ ድፋት የወደቀበት፣ ቅናት የታሰረበት።

የሚገርመው ግን ከእነዚህ ሌላ በመቶዎች የሚቆጠሩት የፊደል ምልክቶች ናቸው። አንዱ ፊደል ወይም ሁለት ፊደል አንድን ድምፅ አይወክልም። ሙሉ የዜማ ሐረግ ይወክላል! ፊደላቱ የተቆረጡት ያ ሐረግ በሰፊው ከሚታወቅበት ከሌላ ቦታ ቃል ላይ ነው። ባለ ድጓው ያችን ፊደል ሲያይ «ይህ እዚያ ላይ እንዲህ የምንለው አካሄድ ነው» ብሎ ያስታውስና እዚህ ቃል ላይ ያለብሰዋል። በሌላ አነጋገር የእኛ ዜማ ጽሕፈት የሚጠቁመው ወደ ሌላ ዜማ ነው። ሥሩን በቃሉ ያልያዘ ሰው ምልክቱን ቢያይም ባዶ ነው።

ከአውሮፓ ጋር ብናነጻጽረው ልዩነቱ ይታያል። ጣሊያናዊው መነኩሴ ጊዶ ዘአሬዞ በ11ኛው ክፍለ ዘመን የአንድን የላቲን መዝሙር የመስመር መነሻ ቀለማት ወስዶ ለድምፆች ስም አወጣላቸው። የመዝሙሩ እያንዳንዱ መስመር ከበፊቱ አንድ እርከን ከፍ ብሎ ስለሚጀምር ስሞቹ መሰላል ሆኑለት፤ የዛሬው ዶ ሬ ሚ ከዚያ የመጣ ነው። እሱም ሆነ የእኛዎቹ ሊቃውንት ከሚታወቅ ዝማሬ ፊደል ቆረጡ። ጊዶ ግን ዜማውን እስከ ጠጠሩ ድረስ ፈጨው፤ ጌራና ራጉኤል እንደ ድንጋይ ካብ ሐረግ በሐረግ ተዉት። እኔ የጊዶው ለአዲስ ዜማ ደራሲ፣ የእኛው ደግሞ የጥንቱን ሳያጎድል ለሚያወርስ ሰው የተመቸ ይመስለኛል።

እ.ኤ.አ. በ1798 ከናፖሊዮን ጦር ጋር ግብፅ የገባው ፈረንሳዊው ቪዮቶ ካይሮ ውስጥ ካገኛቸው ኢትዮጵያውያን ካህናት ዜማ ሰምቶ በአውሮፓ ኖታ ለመጻፍ ሞክሯል። በአውሮፓ ኖታ ከተጻፉት የእኛ ዜማዎች ከመጀመሪያዎቹ አንዱ የእሱ ነው። ድምፆቹን በመስመር ላይ መስቀል ይቻላል፤ ርክርክን ግን በየትኛው መስመር ላይ ያንጠባጥቡታል?

ከደብረ ማርቆስ ወጣ ባለ አንድ የአብነት ትምህርት ቤት አንድ ቀን አርፍጃለሁ። የኔታ ከአጎዛው ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ዐሥራ አራት ዓመት የሚሆነው ልጅ፣ ደበሎው ከትከሻው እየተንሸራተተ፣ ጣቱን ከመስመሩ ሥር እያስሄደ ያዜማል። አጠገቡ ሌላ ልጅ ሌላ ገጽ፣ ከወዲያ ሌላው ደግሞ ምዕራፍ ይላል፤ ሦስቱ ዜማዎች ጎጆው ውስጥ ይጋጫሉ። እኔ የምሰማው ጫጫታ ነበር። የኔታ ግን ዓይናቸውን ሳይገልጡ ከሦስቱ አንዱን ለይተው፣ «ወገቡን ሰበርኸው» አሉ። ልጁ ቆመ። የትኛው ቦታ እንደሆነ አልጠየቀም፤ ያውቀዋል። ወደ ሐረጉ ራስ ተመለሰና እንደገና ጀመረ። እኔም ሁለተኛውን ጊዜ በደንብ አደመጥሁ፤ በመጀመሪያው ላይ ቸኩሎ የቆረጠውን ይዘት አሁን ያዘው። ልዩነቱ አንዲት ትንፋሽ ናት። ቢሆንም ዜማው ቁልቁል ሳይወድቅ በእግሩ ወረደ።

ያውቁ ኖሯል? አንድ ዜማ በማኅሌት አራት ሕይወት ይኖራል። አቋቋም የሚባለው ትምህርት ሙሉ በሙሉ ስለዚህ ነው። መጀመሪያ በቁም ዜማ ይባላል፤ መሣሪያ የለም፣ እንቅስቃሴ የለም፣ ዜማው ዕርቃኑን ይታያል። ቀጥሎ ዝማሜ ይመጣል፤ ሊቃውንቱ መቋሚያቸውን ይዘው ይወዛወዛሉ፣ ያው ዜማ ክብደት ያገኛል። ከዚያ መረግድ ነው፤ ጸናጽልና ከበሮ ገብተው ዜማው ምት ይበጅለታል። በመጨረሻ ጽፋት፤ ይፈጥናል፣ እጅ ይጨበጨባል። ቃሉ አንድ፣ ዜማው አንድ፤ ግን በሌሊት አልጋዬ ላይ ሆኜ «አሁንስ አለቀ» ያልሁት ለካ የመጀመሪያው ብቻ ነበር። የአውሮፓ ሙዚቀኛ አንድን ዜማ ለማሳደግ ቅርጹን ይለውጣል፣ ይገለብጠዋል፣ ወደ ሌላ መነሻ ያዛውረዋል። ደብተራው ዜማውን አይነካውም፤ ጊዜውን፣ ሰውነቱንና መሣሪያውን ይለውጥበታል። ብዙ የጃዝ አድናቂ ወዳጆች አሉኝ፤ ማኅሌት አድረው ከመጡ በኋላ ግን ዜማን ስለ ማሳደግ ሲያወሩ አነጋገራቸው ይለዝባል።

ቅኔን ኋላ እንመጣበታለን ብያለሁ። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ኤልያስ፤ የጎጃም የቅኔ ቤቶች ስም ሲጠራ የማያውቅ ሊቅ የለም። ብዙ ሰው ቅኔን ግጥም ብቻ አድርጎ ያየዋል። ቅኔ ግን የሚዜም ነው። ከሁለት ቤት ጉባኤ ቃና እስከ ስምንት ቤት መወድስ ድረስ እያንዳንዱ የተወሰነ ዜማ አለው፤ ባለቅኔው ቃሉን የሚቆርጠው በዜማ ልክ ነው። የመስመሩ ርዝመት በጣት አይቆጠርም፤ ዜማው ሲያርፍ መስመሩ ያልቃል። ዜማው የድሮ ነው፤ ቃሉ ግን ዛሬ የተወለደ መሆን አለበት፤ ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ አይደገምም። እንግዲህ ጧት ሜዳ ወጥቶ ዛፍ ሥር ለብቻው ቅኔ የሚቆጥረውን ተማሪ ያስቡት። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለውም። ሰሙን ከወርቁ ሲያጣጥም ከሥር ዜማው እየሄደ ነው፤ ቃሉ ካልሞላ ዜማው ባዶ ሜዳ ላይ ይቆማል፣ ከተረፈ ዜማው ካረፈ በኋላ ቃል ደጅ ይቀራል።

ከዚያ ቤት የወጣ ሰው ዜማ ለባሽ ቃል መቁረጥ አይቸግረውም። ደብረ ኤልያስ የተወለደው ዮፍታሔ ንጉሤ የቅኔ ትምህርቱን ይዞ አዲስ አበባ ገባና ለቴአትር መድረክ ጽሑፎችና መዝሙሮች ደረሰ። የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ግጥም የደረሰው እሱ እንደሆነም ይነገራል። ዜማውን የሠራው ግን አርመናዊው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ካመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ጋር የመጣው የሙዚቃ መምህር።

ጥቂት ስሞች እንጨምር። አሸናፊ ከበደ፣ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር፣ የእረኛ ዋሽንትን መንፈስ ለፍሉትና ለኦርኬስትራ ጽፎታል። ሙላቱ አስታጥቄ ለኢትዮ-ጃዝ ሲለፋ ትልቁ ፈተናው የአምስቱን ድምፅ ዜማ በዐሥራ ሁለቱ ድምፅ ሃርመኒ ሲደግፍ ቅኝቱን እንዳይገድለው ነበር። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ፣ በ99 ዓመታቸው እ.ኤ.አ. በ2023 በኢየሩሳሌም ያረፉት፣ ቀኝ እጃቸው ፒያኖ ላይ ሲሄድ ከምት ያመልጣል፤ ወደ ማረፊያው ይጠጋል፣ ይሸሻል፣ ደግሞ ይጠጋል። ያሬዳዊ ዜማን የሚያውቅ ጆሮ ሲሰማቸው የት እንደ ሰማው ለማስታወስ ይቸገራል እንጂ እንግዳ አይሆንበትም።

አንድ የመጨረሻ። የቆሎ ተማሪ ቀድሞ የሚለምደው ዜማ የድጓው አይደለም። የደጃፉ ነው። በማለዳ አኩፋዳውን አንጠልጥሎ ከአጥሩ ውጭ ይቆምና «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ዜማውን ማንም አላስተማረውም፤ ከቀደሙት ልጆች ሰምቶ ነው የያዘው። ሲነሣ ዝቅ ብሎ ነው፤ ውሻው ሲጮኽ ከፍ ያደርጋል። አጭር ናት፤ ሦስት አራት ድምፅ ብትሆን ነው። የመጨረሻዋን ቀለም ግን ሳያሳርፍ ይይዛታል፤ እየቀጠነች፣ እየተንሳፈፈች፣ ከቤት ውስጥ የወጥ ቤቱ በር እስኪንቋቋ ድረስ። እመቤቲቱ ቁራሽ እንጀራ ይዛ ስትወጣ ያን ጊዜ ያሳርፋታል።